መልስ፦ ጋወር ላይ ከልጆች ጋር ቤት ስለመከራየት

እህቴ፣ ዌልስ ውስጥ ጋወር ልሳነ ምድር ላይ፣ ሮሲሊ መንደር አጠገብ ከልጆች ጋር ስትሰነብቱ ምን እንጠንቀቅ ላልሽው፣ ከሁሉ በፊት የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ሰዓት እዪ። ወደ ዎርምስ ሄድ (ባሕሩ ሲሞላ ከየብስ የምትቆረጥ ደሴት) በእግር የሚሻገሩት ውኃው በጣም ዝቅ ከሚልበት ሰዓት በፊት ባሉት ሁለት ሰዓት ተኩልና ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ብቻ ነው። መሻገሪያው ወጣ ገባ ድንጋይ ስለሆነ ልጆች ይዘገያሉ፤ መመለሻውንም አስቡበት። ውኃው ከቀደማችሁ በፍጹም ልዋኝ አትበሉ። ደሴቱ ላይ ቆይታችሁ ወደ አደጋ ጊዜ ስልክ 999 ደውሉና ኮስትጋርድ (የባሕር ዳርቻ ነፍስ አድን) ጠይቁ።

አንሶላና ፎጣ በኪራዩ ውስጥ መኖሩን ከባለቤቱ አረጋግጪ። የገጠር ቤት ፍሳሽ ብዙ ጊዜ ሴፕቲክ ታንክ (መሬት ውስጥ የተቀበረ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ) ስለሆነ የሕፃን ዋይፕስ (እርጥብ መጥረጊያ) ሽንት ቤት አይጣል፣ ይደፍነዋል። በመኪና ከሆነ ደግሞ፣ ዌልስ መንደር ውስጥ የፍጥነት ገደቡ በአብዛኛው በሰዓት 20 ማይል ነው።