የላብራቶሪ ማሽኖችን በኔትወርክ ማገናኘት፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለጎጃም የላብራቶሪ ሰዎች። ባሕር ዳር ተቀምጬ ማሽንና ሰርቨር (የሁሉም ፋይል የሚሰበሰብበትን ዋና ኮምፒውተር) ሳገናኝ ዓመታት ተቆጥረዋል። የላካችኋቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ከደብረ ማርቆስ፦ ስፔክትሮፎቶሜትራችን (ናሙና ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ የሚለካው ማሽን) አሮጌ ነው። የኔትወርክ መሰኪያ የለውም፤ ከጀርባው ባለ 9 ፒን ሲሪያል ፖርት (የድሮ ዓይነት የዳታ መሰኪያ) ብቻ ነው ያለው። ተስፋ አለው?

አለው እንጂ። ሲሪያሉን ወደ ኢተርኔት (ወደ ተራው የኔትወርክ ገመድ) የሚቀይር ትንሽ ሳጥን አለ፤ እሱን ግዙለት። ፍጥነቱን ማሽኑ ላይ ከተሞላው ጋር አንድ አድርጉ፤ ብዙ ጊዜ በሴኮንድ 9600 ቢት ነው። ፊደሉ ተዘበራርቆ ከመጣ፣ ገመዱን ከመጠርጠራችሁ በፊት ፍጥነቱንና ፓሪቲውን (የስህተት መፈተሻ ቅንብሩን) እዩ።

ከእንጅባራ፦ የኤችፒኤልሲው (በናሙና ውስጥ ያሉትን ንጥረ ነገሮች የሚለየው ማሽን) ኮምፒውተር በዊንዶውስ ኤክስፒ ነው የሚሠራው። ኢንተርኔት ላስገባለት?

በፍጹም! ማይክሮሶፍት በ2014 እ.ኤ.አ. ለኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ አቁሟል። አዲስ ዊንዶውስም አትጫንበት፤ ማሽኑን የሚያዘው ሶፍትዌር እንቢ ሊል ይችላል። ለብቻው በተለየ ኔትወርክ ላይ አድርገው። መሃል ላይ አንድ ደህና ኮምፒውተር አቁም፤ እሱ ፋይሉን ከኤክስፒው ተቀብሎ ለሰርቨሩ ያድርስ።

ከቡሬ፦ ፋይሉ ሁሉ አንድ ቦታ ተሰብስቧል። ግን የቱ የየትኛው ናሙና እንደሆነ ጠፋን።

እህቴ፣ ዋናው ነገር ይኼ ነው። ገመድ አንዴ ይዘረጋል፤ ስም መስጠት ግን የየቀን ሥራ ነው። አንድ ጊዜ የሁለት ወር ውጤት ከመዝገቡ ጋር አልገጥም ብሎኝ አንጀቴ አርሯል። መዝገቡ «ጥቅምት 5 ቀን 2017፣ 8 ሰዓት» ይላል። ማሽኑ ደግሞ ኦክቶበር 15፣ 14:00 ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው! ስለዚህ ለፋይል ስም አንድ አቆጣጠር ብቻ ምረጡ። እኔ የማሽኑን እወስዳለሁ፤ ዓመቱን አስቀድሜ 2024-10-15፣ ቀጥሎ የናሙናው ቁጥር፣ ቀጥሎ የማሽኑ ስም። ያኔ ፋይሎቹ ራሳቸው በቀን በቀን ይሰለፋሉ። የሁሉም ኮምፒውተር ሰዓት ከሰርቨሩ ይቀዳ። ከማሽኑ የወጣው ጥሬ ፋይል ማንም እንዳይነካው ለንባብ ብቻ ይቆለፍ፤ ትንተናው በቅጂው ላይ ይሠራ። ሦስት ሰው ከሦስት ክፍል አንዱን ዳታ ቢከፍት አንዱ የሌላውን አያበላሽም።

ከፍኖተ ሰላም፦ መብራትም ኢንተርኔትም ይቆራረጣል። ክላውድ (ዳታን በኢንተርኔት በሌላ ድርጅት ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ) ያዋጣናል?

ሰርቨሩ ግቢያችሁ ውስጥ ይሁን። ኢንተርኔት ቢጠፋም የውስጥ ኔትወርኩ ይሠራል። ለሰርቨሩም ለስዊቹም (የኔትወርክ ገመዶቹን ለሚያገናኘው ሳጥን) ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ፣ ይኑር፤ ስዊቹን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ክላውዱ ሌሊት ሌሊት ቅጂ መላኪያ ይሁናችሁ።

ከባሕር ዳር፦ ሁለቱ ላብራቶሪዎቻችን የተለያየ ሕንፃ ላይ ናቸው። ተራ የኔትወርክ ገመድ ይበቃል?

እስከ 100 ሜትር ይሠራል፤ ግን አልመክርም። የጣና ዳርን መብረቅ ታውቁታላችሁ። መዳብ ኤሌክትሪኩን ይዞ ማሽኑ ድረስ ይገባል። ፋይበር የሚያስተላልፈው ብርሃን ነው። በሕንፃዎቹ መካከል ፋይበር ዘርጉ።