በማዕረግ የሚጠሩ ሟች ልጆች፦ ከስማቸው በፊት ምን ይጻፍ?

ጥያቄ፦ የነገሥታት የዘር ሐረግ እያዘጋጀሁ ነው። በወጣትነታቸው ያረፉትን፣ ማለትም የዮሐንስን ልጅ አርአያ ሥላሴን፣ ዓለማየሁ ቴዎድሮስን፣ ዘነበወርቅንና መኰንን ኃይለ ሥላሴን፣ በሙሉ «ልዑል» ወይም «ልዕልት» ልበላቸው?

መልስ፦ አይበሉ። አንዳንዱ መጠሪያ በመወለድ ይገኛል፣ ሌላው በሹመት ይሰጣል። ለእያንዳንዳቸው ባረፉበት ቀን የነበራቸውን ማዕረግ ይጻፉ።

አርአያ ሥላሴ በ1880 ዓ.ም. መቀሌ ላይ በፈንጣጣ ሲያርፉ ራስ ነበሩ። ራስነት ሹመት ነው፤ የንጉሠ ነገሥት ልጅ መሆናቸውን «ዮሐንስ» የሚለው የአባት ስም ይናገራል። ዓለማየሁ ደጃዝማች ነው። ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በ1860 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ያነሣችው ፎቶግራፍም «ደጃች ዓለማየሁ» ይለዋል። የሰባት ዓመት ልጅ ደጃዝማች መባሉ ለዛሬ አንባቢ ግር ይላል፤ ሕፃን ሾሞ ግዛቱን በእንደራሴ ማስተዳደር ግን የዘመኑ ልማድ ነበር። «ልዑል» የሚለው የተለመደው እንግሊዞች «ፕሪንስ» እያሉ ስለጠሩት ነው።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጆች ጉዳይ የተለየ ነው፤ በእሳቸው ቤት ልዑልነት ከልደት ይመጣል። ዘነበወርቅ በ1925 ዓ.ም. መቀሌ ሲያርፉ ልዕልት ነበሩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በባላቸው ነው። ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ያኔ ደጃዝማች ነበሩ፤ ራስ ያሏቸው በ1928 ለጣሊያን ካደሩ በኋላ ጣሊያኖች ናቸው። ስለዚህ በጋብቻው መስመር ላይ «ራስ» ብለው አይጻፉ። እኚህ ሰው የራስ አርአያ ሥላሴ የልጅ ልጅ ስለሆኑ ሁለቱ ቅርንጫፎች በሰንጠረዥዎ ላይ መገናኘት አለባቸው።

ግንቦት 5 ቀን 1949 ዓ.ም. በ32 ዓመታቸው በመኪና አደጋ ያረፉት መኰንን ሁለቱም ዓይነት መጠሪያ ነበራቸው። የልደቱ ከስም በፊት፣ የግዛቱ ከስም በኋላ ይገባል፦ ልዑል መኰንን ኃይለ ሥላሴ፣ መስፍነ ሐረር። ሹመቱ ራስነት ሲሆን ግን ሁለቱም ከስም በፊት ይደረደራሉ፤ ልዑል ራስ ካሣ እንደምንለው።

ጥያቄ፦ የዓለማየሁ ሞት አንዱ ጋ 1871፣ ሌላው ጋ 1872 ይላል። የቱ ነው ልክ?

መልስ፦ 1872። እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ከተማ ያረፈው በአውሮፓውያን ኅዳር 14 ቀን 1879 ነው። ከእኛ አዲስ ዓመት እስከ ታኅሣሣቸው መጨረሻ 7፣ ከጥራቸው እስከ አዲስ ዓመታችን ደግሞ 8 ይቀነሳል። ሁልጊዜ 8 የሚቀንስ ሰው ነው 1871 የሚያወጣው። የልደቱ ቀን ሚያዝያቸው 1861 ስለሆነ ግን 8 ቀንሰው 1853 ይላሉ።

የሞቱን ቀን በዛሬ ሰሌዳ ካሰሉ ኅዳር 4 ይወጣልዎታል፤ ትክክሉ ኅዳር 5 ነው። አውሮፓውያን በ1900 የካቲትን 29 ስላላደረጉ ከዚያ በፊት የነበረው ልዩነት በአንድ ቀን ያንስ ነበር። ለ19ኛው ክፍለ ዘመን ቀኖች ሁሉ ይህን አይርሱ።

ጥያቄ፦ ባለማዕረጉ በወጣትነቱ ሲሞት ማዕረጉ ለልጁ ያልፋል?

መልስ፦ እንደ ማዕረጉ ነው። መስፍነ ሐረርነት ከልዑል መኰንን ወደ በኵር ልጃቸው ወደ ወሰን ሰገድ አልፏል። ራስነት ግን አይወረስም፤ የአርአያ ሥላሴ ልጅ ጉግሣ አርአያ ራስ የተባሉት በኋላ ራሳቸው ተሹመው ነው።