የወገብ ሕመሜ ልቤንም አሳመመው፤ እምነቴ ጎድሎ ይሆን?

ጥያቄ፦ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ መምህር። ወገቤን ካመመኝ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ከአንድ ዓመት ወዲህ ግን ሁሉ ነገር አስጠልቶኛል፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እነቃና እስኪነጋ ጣራ ጣራ ሳይ አድራለሁ፤ አንዳንዴም «ምነው በወሰደኝ» እላለሁ። ሐኪሙ ለወገቤ ብሎ ያዘዘልኝ መድኃኒት፣ ወረቀቱን ሳነበው የድብርት መድኃኒት ሆኖ አገኘሁት፤ ሕመሜን ያላመነኝ መስሎኝ ተውኩት። አብረውኝ የሚጸልዩ እኅቶች ደግሞ «አማኝ አይደበርም፤ ንስሐ ግቢ» ይሉኛል። መስገድ ካቆምኩም ቆየሁ። እምነቴ ጎድሎ ይሆን?

መልስ፦ እኅታችን፣ እግዚአብሔር ይማርዎት። አስቀድሜ ስለ መድኃኒቱ ልናገር፤ ቅሬታዎ የጀመረው ከዚያ ነውና። ሐኪሙ ሕመምዎን አልካደም። ሴሮቶኒንና ኖርኤፒነፍሪን የሚባሉት ንጥረ ነገሮች በአንጎል ውስጥ ስሜትን በመግራት ሥራ እንደሚሳተፉ ሁሉ፣ ከአንጎል ወደ ኅብለ ሰረሰር በሚወርደው የነርቭ መስመር ላይም ከታች የሚመጣውን የሕመም መልእክት ያለዝባሉ። እንደ ዱሎክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን ያሉ መድኃኒቶች ለድብርትም ሥር ለሰደደ ሕመምም የሚታዘዙት በዚህ ምክንያት ነው። ጥቅማቸው የሚታወቀው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ በሁለት ሦስት ቀን አይፈረድባቸውም፤ በድንገት ማቋረጥም ማዞርና ማቅለሽለሽ ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ወደ ሐኪሙ ተመልሰው ለምን እንደተዉት በግልጽ ይንገሩት። መድኃኒትን እግዚአብሔር ከምድር እንደፈጠረና አስተዋይ ሰው እንደማይንቀው በሲራክ ምዕራፍ 38 ተጽፏልና ይህን ማድረግ ከእምነት መጉደል አይደለም።

ሁለቱ ሕመሞች እንዴት እንደተገናኙ ከራስዎ ጥያቄ ማየት ይቻላል። ወገብዎ እንቅልፍዎን ወሰደ፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ትናንት የቻለውን ሕመም ዛሬ አይችለውም፤ ሕመሙን ፈርቶ መንቀሳቀስ ሲተው ጡንቻው ይደክማል፣ ከሰው ይርቃል፣ ልቡም ይከብዳል። በተቃራኒው መንገድ የሚመጣም አለ፤ ድብርቱ ቀድሞ ራስ ምታት፣ የጀርባ ወይም የሆድ ሕመም ሆኖ ይገለጣል። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበርም በ2020 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው ትርጓሜ ሕመምን የአካል ብቻ ሳይሆን የስሜትም ገጠመኝ ብሎታል። (በቋንቋችን «ደበረኝ» የሚለውን ቃል ለአሰልቺ ከሰዓት በኋላ ሁሉ ስለምንጠቀምበት፣ ሐኪም «ድብርት» ሲል ስንፍና የሚመስለን ጥቂት አይደለንም። እርሱ የሚናገረው ግን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ ማለት ይቻላል የሚቆይ፣ እንቅልፍን፣ የምግብ ፍላጎትንና ተስፋን የሚነካ ደዌ ነው።)

«አማኝ አይደበርም» ለሚሉት 1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19ን ያንብቡላቸው። እሳት ከሰማይ ያወረደው ኤልያስ ከዚያ በኋላ ሸሽቶ፣ የአንድ ቀን መንገድ በምድረ በዳ ሄዶ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ነፍሱ እንድትወሰድ ለመነ። መልአኩ «እምነትህ የት ደረሰ?» አላለውም። በእጁ ዳሰሰው፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ በልቶ ተመልሶ ሲተኛም ተወው፤ ሁለተኛ ቀስቅሶ ዳግመኛ አበላው፤ ምክንያቱንም ሲነግረው መንገዱ ሩቅ ነው አለው እንጂ ኃጢአቱን አልቆጠረበትም። ቃለ እግዚአብሔር በኮሬብ የመጣለት ሥጋው ካረፈ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ሳንመለከት እናልፈዋለን።

የኢዮብ ወዳጆችም ሕመሙ እጅግ እንደበዛ አይተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት ተቀመጡ። እንደ እኔ እንደ እኔ በመጽሐፉ ሁሉ ያደረጉት መልካም ነገር ያ ብቻ ነው፤ የተሳሳቱት አፋቸውን ከፍተው «ኃጢአት ቢኖርብህ ነው» ማለት ሲጀምሩ ነው። ንስሐ ለሁላችንም ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ጌታችን ስለ ዕውሩ ሰው በተጠየቀ ጊዜ እርሱም ወላጆቹም ኃጢአት ስለ ሠሩ እንዳልሆነ መልሷልና (ዮሐ. 9፥3)፣ ደዌን ሁሉ የበደል ደረሰኝ አድርገን ልናነብብ አይገባንም።

ስለ ስግደቱ፣ ሕመምተኛ የሚሰግደውና የሚጾመው እንደ አቅሙ ነው። ለንስሐ አባትዎ ወገብዎን ብቻ ሳይሆን እንቅልፍ ማጣትዎንና ልብዎን የከበደዎትንም አብረው ይንገሯቸው፤ ግማሹን የሰማ አባት የሚሰጠው ምክርም ግማሽ ይሆናል። «ምነው በወሰደኝ» የሚለው አሳብ ግን ራስን ወደ መጉዳት ዕቅድ ከተለወጠ እስኪነጋ አይጠብቁ፤ በዚያው ሌሊት በቤት ያለውን ሰው ቀስቅሰው ይንገሩና ወደ ሕክምና ይሂዱ።

በሌሎቹ ሌሊቶች፣ 9 ሰዓት ላይ ሲነቁ፣ 87ኛውን መዝሙር (በዕብራይስጡ አቆጣጠር 88ኛውን) ይድገሙ። አብዛኞቹ የልቅሶ መዝሙራት በመጨረሻ ወደ ምስጋና ሲመለሱ ይህ ግን በጨለማ ጀምሮ በጨለማ ያበቃል፤ ቤተ ክርስቲያንም ከነጨለማው ጸሎት ብላ ተቀብላዋለች። ለዚህ ከአልጋ መነሣት አያስፈልግዎትም፤ ጣራውን እያዩ፣ በተኙበት ይበሉት።