35 ኪሎ ቀንሰሽ ለተረፈሽ ቆዳ

እህቴ፣ 35 ኪሎ ቀንሰሽ ሆድሽ ላይ የተንጠለጠለውን ቆዳ «በስፖርት ላጥፋው ወይስ ላስቆርጠው?» ላልሽው፣ እንዲህ የላላ ቆዳ በስፖርት አይሰበሰብም። እኔም የጂሬንን ዳገት ስወጣ ስወርድ ከርሜ ጡንቻዬ ጠነከረ እንጂ ቆዳው ንቅንቅ አላለም። በዚህ በጅማ ወበቅ ደግሞ እጥፋቱ ስር ላብ ይቋጥራል፣ ይልጣል። አሮጌ ነጠላ ቀድጄ በመሀል እየወሸቅኩ ነበር የምውለው።

በመጨረሻ በቀዶ ሕክምና አስቆረጥኩት። አንቺ ግን ለማስቆረጥ አትቸኩይ። ኪሎሽ ቢያንስ 6 ወር አንድ ቦታ ይርጋ። መውለድ ካሰብሽ ከወሊድ በኋላ ይሻላል፤ እርግዝና መልሶ ይለጥጠዋል። ጠባሳው ከዳሌ እስከ ዳሌ ነው፣ ይደበዝዛል እንጂ አይጠፋም። እኔ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ፈሳሽ የሚያወጣ ቱቦ በጎኔ አንጠልጥዬ፣ እንደ አሮጊት ጎብጬ ነበር የምራመደው። ለ6 ሳምንት ያህል ጄሪካን ማንሳት የለም፤ እንጀራ የሚጋግርልሽ ሰው ከወዲሁ ፈልጊ።

አዲስ አበባ የምታሠሪ ከሆነ ቶሎ አውቶቡስ ላይ አትውጪ። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተቀምጦ መምጣት እግር ላይ ደም ሊያረጋ ይችላል። ሐኪሙ እስኪፈቅድልሽ ዘመድ ቤት እረፊ። አንድ እግርሽ ካበጠ ወይ ትንፋሽ ካጠረሽ ግን ነገ ዛሬ ሳትይ ሆስፒታል ሂጂ።