ሽንት ላይ ባክቴሪያ ተገኘ፤ ሕመም ግን የለም

ስለ ሽንት ምርመራ ውጤት የጠየቃችሁኝን ተራ በተራ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ለሌላ ጉዳይ ስመረመር ሽንቴ ላይ ባክቴሪያ ተገኘ። አያቃጥለኝም፤ ቶሎ ቶሎም አያመላልሰኝም። ነፍሰ ጡር አይደለሁም። መድኃኒት ልጀምር?

መልስ፦ አትጀምሪ። ካልቸሩ (በሽንቱ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አሳድጎ የሚያየው ምርመራ) በአንድ ሚሊ ሊትር ከ100,000 በላይ ባክቴሪያ ቢያሳይ እንኳ ምልክት ከሌለሽ አይታከምም። ጤነኛ ሴቶች ላይም ይገኛል።

ጥያቄ፦ ለጥንቃቄ ብወስድስ?

መልስ፦ ጉዳት አለው። አንቲባዮቲክ ለጊዜው ያጠፋዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ይመለሳል፣ አንዳንዴም መድኃኒቱን ተላምዶ። የምር ስትታመሚ የሚያድንሽ መድኃኒት ላይሠራልሽ ይችላል። ከባድ ተቅማጥም ሊያመጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ ነጭ የደም ሴልም አለ፤ ሽንቴም ይሸታል።

መልስ፦ ሁለቱም ብቻቸውን ለሕክምና አያበቁም።

ጥያቄ፦ የ3 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ምንም አይሰማኝም፤ ካልቸሩ ግን ኢ. ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ አሳየ።

መልስ፦ አንቺ መታከም አለብሽ። በእርግዝና ጊዜ ከኩላሊት የሚወርደው ቧንቧ ይሰፋል፤ ሽንቱም ቀስ ብሎ ይፈስሳል። ስለዚህ ባክቴሪያው ወደ ኩላሊት መውጣት ይቀለዋል። ለፅንሱ የማይጎዳውን መድኃኒት ሐኪምሽ ይመርጥልሻል፤ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 7 ቀን ይወሰዳል።

ጥያቄ፦ እናቴ 82 ዓመታቸው ነው። ከትናንት ጀምሮ ነገር ይምታታባቸዋል። ትኩሳት የላቸውም። ሽንታቸው ላይ ባክቴሪያ ስለተገኘ «ኢንፌክሽኑ ነው» ተባልን።

መልስ፦ ከሁሉም ይበልጥ ያሳሰበኝ ይህ ጥያቄ ነው። አረጋውያን ላይ ባክቴሪያ መገኘቱ በጣም የተለመደ ነው፤ እናትህ ላይ ካምናም ነበረ ይሆናል። ተገኘ ተብሎ ፍለጋው እዚያ ከቆመ እውነተኛው ምክንያት ሳይታይ ይቀራል። ውሃ በደንብ ይጠጣሉ? አዲስ መድኃኒት ጀምረዋል? ሆድ ድርቀት አለባቸው? ወድቀው ጭንቅላታቸውን ተመትተዋል? ስኳራቸውና ሶዲየማቸው (በደም ውስጥ ያለው ጨው) ተለክቷል? የስትሮክ ምልክትስ? ዛሬውኑ ሐኪም ይያቸው፤ እነዚህንም አንድ በአንድ ጠይቅ። የአሜሪካ የተላላፊ በሽታዎች ማኅበር የ2019 መመሪያም ትኩሳት ወይም የሽንት ምልክት ከሌለ አንቲባዮቲክ ከመስጠት ይልቅ ሌላ ምክንያት እየፈለጉ በቅርብ መከታተልን ይመክራል። ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ ወይም የደም ግፊታቸው ከወረደ፣ ነገሩ ሌላ ነው። ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዳቸው።

ጥያቄ፦ ስኳር ወይም ካቴተር (ሽንት የሚያወጣ ቱቦ) ያለበት ሰውስ?

መልስ፦ ምልክት ከሌለው አይታከምም። ካቴተር ለረጅም ጊዜ የቆየበት ሰው ሽንት ላይ ባክቴሪያ ቢጠፋ ነው የሚገርመው።

ጥያቄ፦ አባቴ ፕሮስቴታቸውን በሽንት ቧንቧ በኩል ኦፕሬሽን ሊሠሩ ነው። ሽንታቸው ይመርመር?

መልስ፦ አዎ፣ ይመርመር። መሣሪያው ውስጡን ስለሚያቆስል ባክቴሪያው ወደ ደም ሊገባ ይችላል። ካልቸሩ ቀድሞ ይሠራል፤ ከተገኘ መድኃኒቱ ኦፕሬሽኑ ሊጀመር ሲል ይሰጣቸዋል። አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይበቃል።