በ4 ጂቢ ላፕቶፕ የብሮውዘር ጌም መሥራት፦ የቱን ልያዝ ላልሽው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ኮምቦልቻ ነኝ፣ ላፕቶፔ 4 ጂቢ ራም ነው፣ ኔት ይቆራረጥብኛል፣ ብሮውዘር ላይ የሚከፈት የአማርኛ ጌም መሥራት እፈልጋለሁ፣ ግን በየሳምንቱ አዲስ ቱል (ጌም መሥሪያ ፕሮግራም) ሲወጣ የቱን ልከተል ብለሻል። እኔ ደሴ ነኝ። እዚሁ ነገር ላይ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ የደረሰብኝን ልንገርሽ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

የጀመርኩት በአዶቤ ፍላሽ ነው፤ ድሮ የብሮውዘር ጌም የሚሠራበት ነበር። ፒያሳ አካባቢ አንድ ኮምፒውተር ቤት ቁጭ ብዬ ከሲዲ ላይ ተማርኩት። አዶቤ እ.ኤ.አ. በ2017 «በ2020 መጨረሻ አቆመዋለሁ» ብሎ አስታውቆ ነበር። እኔ አልሰማሁም፤ ዜና የሚባል ነገር አልከታተልም ነበር። ጥር 2013 ዓ.ም ላይ አንዱን ጨዋታ ለጓደኛዬ ላሳይ ከፈትኩት። ከጥር 4 ጀምሮ ማጫወቻው ራሱ ምንም እንዳይከፍት ተደርጎ ነበር። የሁለት ዓመት ሥራ እንደተቀመጠ ቀረ። ዛሬ ራፍል የሚባል ነፃ ፕሮግራም ከፊሎቹን ይከፍትልኛል። ሁሉንም ግን አይደለም።

ስለዚህ ዜና አትከታተይ አልልሽም። የሚጠቅምሽ ግን «ምን አዲስ ነገር ተጨመረ» የሚለው አይደለም። ሁለት ነገር ፈልጊ፦ ምን ሊቆም ነው? ውሉስ ምን ተቀየረ? ዩኒቲ የሚባለው ኢንጂን (ጌም መሥሪያ ፕሮግራም) እ.ኤ.አ. መስከረም 2023 ላይ ከተወሰነ ገቢና የመጫን ብዛት በኋላ ጌሙ በተጫነ ቁጥር ክፍያ እንደሚጠይቅ ሲያስታውቅ፣ ጨዋታቸውን ጨርሰው የነበሩ ሰዎች ሁሉ ሂሳባቸውን እንደገና መሥራት ነበረባቸው። ከዓመት በኋላ ክፍያውን ሰርዞታል። ግን በዚያ መሃል ስንቱ ሰው ቱል ቀየረ። እኔም ያን ጊዜ ነው ጎዶት የሚባለውን ሌላ ኢንጂን የሞከርኩት።

ጎዶት ጥሩ ነው፤ ከልቤ ነው የምልሽ። ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው፣ ማንም ተነስቶ ሊዘጋብሽ አይችልም። ዚፑ ከ100 ሜጋ በታች ስለሆነ በትንሽ ፓኬጅ ይወርዳል። ማንም የማይነግርሽ ነገር ግን አለ። ጨዋታሽን ጨርሰሽ ወደ ዌብ ላውጣው ስትዪ «ኤክስፖርት ቴምፕሌት» (ጨዋታውን ወደ ዌብ የሚቀይርበትን ፋይል) አውርጂ ይልሻል። እሱ ደግሞ ወደ አንድ ጊጋ ይጠጋል! እኔ ሦስት ሌሊት ነው የፈጀብኝ። መብራት ሲሄድ ይቋረጣል፣ እንደገና ከዜሮ።

ከዚያ የባሰው ቀጥሎ መጣ። ገበጣ ሠርቼ ነበር። ሐይቅ ከተማ አክስቴ ቤት ሄጄ ቡና እየተፈላ በልጇ ስልክ ልክፈትላት አልኩ። አንድ ባዶ የጎዶት 4 ጌም እንኳ ሳይጨመቅ ከ30 ሜጋ በላይ ነው። አቦሉ ተጠጥቶ አለቀ፣ ስልኩ ገና እየጫነ ነው። በመጨረሻ ሲከፈት በፊደሎቹ ፋንታ ባዶ ሳጥን ተደረደረ። «ጀምር» የሚለው አራት ማዕዘን፣ «ተራሽ ነው» የሚለውም አራት ማዕዘን። እኔ ላፕቶፕ ላይ በደንብ ይታይ ነበር። ለምን መሰለሽ? ጎዶት የራሱ ፎንት ውስጥ የግዕዝ ፊደል የለውም። ኮምፒውተር ላይ ከዊንዶውስ ተበድሮ ያሳይሻል። ዌብ ላይ ሲሆን ግን የሚበደርበት የለም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ የሚባለውን የግዕዝ ፎንት አውርደሽ ፕሮጀክቱ ውስጥ ማስገባት አለብሽ። ጨዋታሽ ሰላሳ አርባ ፊደል ብቻ የሚጠቀም ከሆነ ደግሞ ፎንትቱልስ በሚባለው የፓይተን (የኮድ ቋንቋ ነው) መሣሪያ እነሱን ብቻ ቆርጠሽ አስቀሪ። ፋይሉ ጥቂት ኪሎ ባይት ይሆናል።

ደሴ ስመለስ ገበጣውን እንደ አዲስ በጃቫስክሪፕትና በካንቫስ (በብሮውዘሩ የኮድ ቋንቋና በመሳያ ሰሌዳው) ጻፍኩት። ምንም ኢንጂን የለውም። ሁለት ረድፍ፣ ስድስት ስድስት ጉድጓድ፣ አራት አራት ጠጠር፤ ለዚህ ኢንጂን ምን ያደርጋል? ሁሉም ነገር ተደምሮ ከ100 ኪሎ ባይት አይበልጥም። ፊደሉንም ብሮውዘሩ ራሱ ከአንድሮይዱ ይወስዳል። በሚቀጥለው ጊዜ ሐይቅ ስሄድ ሊንኩ ወዲያው ተከፈተ። አክስቴ ተጫወተችና «ጠጠሩ ይሮጣል፤ የቱ ጋ እንደወደቀ አላየሁም» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔ ጠጠሮቹን በሙሉ በአንድ ጊዜ ነበር የምበትናቸው። አሁን አንድ በአንድ ይወርዳሉ፣ እያንዳንዱ ሲያርፍ ቀጭ ይላል። ከሠራሁት ሁሉ የምወደው ይቺን ቀጭ የምትለዋን ድምፅ ነው።

ድምፅን ካነሳሁ፦ ክሮም ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሰው ስክሪኑን ሳይነካ ድምፅ አያሰማም። ኮድሽ የተበላሸ መስሎሽ እንዳትለፊ። መጀመሪያ ላይ «ጀምር» የሚል ቁልፍ አድርጊ፣ ድምፁን እሱ ሲነካ ክፈቺው። እንቅስቃሴውንም በፍሬም (ስክሪኑ በተሳለ ቁጥር) ሳይሆን በመሃል ባለፈው ሰዓት ልክ አስሊ። አለበለዚያ ባንቺ ላፕቶፕ የሚሮጠው ጠጠር በደካማ ስልክ ይንቀራፈፋል።

እንግዲህ ላንቺ የምለው ይሄ ነው። ጨዋታሽ እንደ ገበጣ ያለ የሰሌዳ ወይም የጥያቄና መልስ ዓይነት ከሆነ በባዶ ጃቫስክሪፕት ጀምሪ። ዝላይ፣ ግጭት፣ የሚንቀሳቀስ ገፀ ባሕርይ ካለው ፌዘር የሚባለውን የጃቫስክሪፕት ጌም መሥሪያ ያዢ። አንድ ሜጋ ገደማ ነው፣ 4 ጂቢ ራምም አይከብደውም። አንድሮይድ ላይ አፕ አድርጌ ላወጣው ነው ካልሽ ያኔ ጎዶት። ዌብም ላይ ካሻሽ ከ4.3 ጀምሮ ያለውን ውሰጂ። ከዚያ በፊት የነበሩት የጎዶት 4 እትሞች ልዩ የሰርቨር ቅንብር ስለሚፈልጉ ብዙ ነፃ ማስቀመጫ ላይ አይከፈቱም። ስሪ ዲ ደግሞ ለጊዜው ይቆይሽ። የስሪ ዲ መሥሪያው ስሪ ጄኤስ ጎበዝ ነው፣ ብሮውዘሩ የግራፊክስ ካርዱን በደንብ የሚጠቀምበት ዌብጂፒዩም መጥቷል፣ ግን የምትሠሪላቸው ሰዎች ስልክ እዚያ አልደረሰም።

የኔቱን ነገር በተመለከተ አብሽሪ፤ አብዛኛው ሥራ ያለ ኔት ይሠራል። ዴቭዶክስ የሚባለውን ገጽ አንድ ጊዜ ኔት ባለበት ክፈቺና የጃቫስክሪፕቱን ማብራሪያ ብሮውዘርሽ ውስጥ አስቀምጪው። ከዚያ ያለ ኔት ይነበባል። እኔ ኔት ጠፍቶ በከረመባቸው ወራት በሱ ነው የሠራሁት። ስልክ ላይ ለመሞከርም ካርድ መሙላት አያስፈልግሽም። ፓይተን ውስጥ ያለችውን ትንሽ ሰርቨር አስነሺ፣ የስልክሽን ሆትስፖት ክፈቺ፣ ላፕቶፑን አገናኚው፣ ከዚያ የላፕቶፑን አይፒ አድራሻ ስልኩ ብሮውዘር ላይ ጻፊ። ዳታ ጠፍቶም ይሠራል። ያቺ ሰርቨር ለሌላም ትጠቅምሻለች፤ ፋይሉን ዝም ብለሽ በድብል ክሊክ ከከፈትሽው ፌዘር ምስሎቹን አይጭንልሽም።

ዜናውን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ አንብቢ። ጌምዴቭ ጄኤስ ዊክሊ የሚባል በኢሜይል የሚላክ አለ፤ ጽሑፍ ስለሆነ ዳታ አይበላም። ከዚያው ሰፈር የወጣ ጄኤስ13ኬ የሚባል ውድድርም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በየዓመቱ ይካሄዳል። ጌሙ ከነምስሉ ከነድምፁ ተጨምቆ ከ13 ኪሎ ባይት መብለጥ የለበትም። በኛ አቆጣጠር ነሐሴ 7 ይጀምርና አዲስ ዓመት በገባ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ያልቃል። እንደኛ ኔት ለሚቆጥብ ሰው ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላየሁም። የተወዳዳሪዎቹ ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ትንሽ ስለሆነም በአንድ ማታ አንብበሽ ትጨርሺዋለሽ።

ምን ዓይነት ጨዋታ እንዳሰብሽ አልጻፍሽም። እሱን ንገሪኝና በዚያው ልክ እንነጋገር። የጎዶቱን ቴምፕሌት ከፈለግሽ ደግሞ ዲስኬ ላይ አለልኝ። ቅዳሜ ደሴ ብቅ ካልሽ እገለብጥልሻለሁ፤ አንቺ ሦስት ሌሊት አታድሪበትም።