እሳት ተከላካይ ኬብልና የሞተር ድምፅ

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ በአንድ ፋብሪካ የጥገና ሠራተኛ ነኝ። በቅርቡ የአንድ ሞተር ኩሽኔታ (የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚሸከመው ክፍል) ግሎ በአጠገቡ ያለፈውን የኬብል ሽፋን አቃጠለብን። እሳት ተከላካይ የሚባለው ኬብል በእርግጥ አይቃጠልም? የኩሽኔታውንስ ብልሽት በድምፅ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል?

መልስ፦ እሳት ተከላካይ ማለት ፈጽሞ የማይቃጠል ማለት ሳይሆን፣ ለመቀጣጠል የሚዘገይና የእሳቱ ምንጭ ሲርቅ በራሱ የሚጠፋ ማለት ነው። ለዚህ ከሚጨመሩት ማዕድናት አንዱ የሆነው አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ፣ ሙቀቱ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ መፈራረስ ይጀምርና ከክብደቱ ሲሶ ያህሉን በውሃ ተን መልክ ይለቃል፤ ተኑ ሽፋኑን ያቀዘቅዛል፣ ተቀጣጣዩንም ጋዝ ያሳሳል፣ የቀረው ዱቄት ደግሞ ላዩን ይጋርዳል። ጉድለቱ ብዙ ጊዜ ከሽፋኑ ክብደት ከግማሽ በላይ መጨመር ስላለበት ፕላስቲኩን ግትርና ተሰባሪ ማድረጉ ነው። ያም ሆኖ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ፒቪሲ ከተባለው የተለመደ የኬብል ፕላስቲክ ይልቅ ይህ ማዕድን የተጨመረበትን ሽፋን እመርጣለሁ፤ ፒቪሲ በቀላሉ ባይቀጣጠልም ሲቃጠል ሃይድሮጂን ክሎራይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ይለቃልና።

ስለ ድምፁ፣ ነባር መካኒኮች ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ ደግፈው በጆሯቸው ያዳምጡ እንደነበር ሳያውቁ አይቀሩም። ሆኖም የሰው ጆሮ ከ20 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 20,000 ንዝረት) በላይ የሆነ ድምፅ አይሰማም፤ ቅባት ያነሰው ኩሽኔታ ግን የመጀመሪያውን ምልክት የሚሰጠው ከዚያ በላይ በመሆኑ፣ የአልትራሳውንድ መስሚያ፣ ማለትም ጆሮ የማይሰማውን ቀጭን ድምፅ ወደሚሰማ የሚቀይር መሣሪያ፣ ያስፈልጋል። ሞተሩ ጤነኛ ሳለ የድምፁን ልክ በመሣሪያው መዝግበው በኋላ ከሚወስዱት ንባብ ጋር በተመሳሳይ ጭነትና ፍጥነት ያወዳድሩ፤ በከተማችን ሙቀት ቅባት ቶሎ ስለሚቀጥን ንባቡን በቀኑ ተመሳሳይ ሰዓት መውሰድ ይበጃል።